ብርሃን የበላው እራት

ፎቶግራፍ አንሺ ጾመኛ ነው፤ ክፋቱ ጾሙን ለብቻው አለመጾሙ ነው። አብሮት የተሳፈረ ሁሉ ሳይወድ በግዱ አብሮት ይጾማል። ምክንያቱን ለመረዳት ጥቂት ሳይንስ ያስፈልጋል። ፀሐይ ስትወጣና ልትጠልቅ ስትል ብርሃኗ አየሩን በሰያፍ እየሰነጠቀ ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው ዓይናችን ላይ የሚያርፈው። በመንገዱ ሰማያዊው ቀለም ተበታትኖ ይቀርና ቀዩና ብርቱካናማው ይደርሰናል። ጥላ ይረዝማል፣ ገደሉ ይቀላል፣ ተራ ድንጋይ እንኳ መልክ ያወጣል። ፎቶ አንሺዎች ይህን «ወርቃማው ሰዓት» ይሉታል። የቀረው የሰው ልጅ ደግሞ ጠዋት ቁርስ፣ ማታ እራት ሲበላበት የኖረው ሰዓት ነው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጥላው ሁሉ እግር ሥር ይሰበሰባል፤ በረሃውም ይገረጣል። ያን ጊዜ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ይከትና «ብርሃኑ ሞቷል፤ አሁን ምሳ መብላት ይቻላል» ብሎ ያውጃል። እንግዲህ ከሦስቱ ማዕድ ለተከታዩ የምትተርፈው ምሳ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን አንቴሎፕ ካንየን እስክትደርስ ነው፤ የእሷን መርዶ በቦታው አወራዋለሁ።

ጉዟችን ከዴንቨር ተነስቶ፣ በኒው ሜክሲኮና በአሪዞና በረሃ ዞሮ የሚመለስ ነበር። የተነሳነው በእንቁጣጣሽ ማግስት ነው። ወዳጄ በየቅዳሜው የሐበሻ ሠርግ የሚያነሳ ባለሙያ ነው። ሠርግ ላይ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ሙሽሮቹ ሳይገቡ ቡፌው የተዘረጋበትን ያጠናል፣ «ፎቶ አንሺ ካልበላ እጁ ይንቀጠቀጣል» የሚል መመሪያም አለው። በረሃ ሲገባ መመሪያው ይተናል። ሁለተኛዋ ተጓዥ አክስቱ እቴቴ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ሰባን የተሻገሩ እናት። «በረሃ ሄዶ ምን ይታያል?» እያሉ ቢነሡም ለበረሃ የተሰናዱት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ አለ። ሃምሳን ያለፈውን መላጣ ወዳጄን እስካሁን «ማሙሽ» ይሉታል። እኔ ሾፌር ነኝ።

ኒው ሜክሲኮ በዚህ ወራት ከዓይን በፊት በአፍንጫ ትገባለች። በየሱቁ ደጃፍ የሽቦ በርሜል በጋዝ ነበልባል ላይ ይሽከረከራል፤ ውስጡ ረጃጅም አረንጓዴ ቃሪያ ይንጣጣል። ሰዉ በጆንያ ይገዛል፣ እዚያው ያስጠብሳል፣ ቤቱ ወስዶ ይልጥና ለዓመት የሚሆነውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከታል። እቴቴ ከመኪናው ወርደው አንድ ጊዜ በረጅሙ ሳቡ፣ ሦስቴ አስነጠሱ፣ ከዚያም እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «እዚህ አገር ሰው አለ» ብለው መሰከሩ።

እዚህ ምግብ ቤት ስትቀመጥ መጀመሪያ የምትጠየቀው «ቀይ ወይስ አረንጓዴ?» ተብለህ ነው። ሁለቱ የአንድ ተክል ልጆች ናቸው፤ አረንጓዴው ሳይቀላ ተለቅሞ የተጠበሰው፣ ቀዩ በስሎ የደረቀው ነው። ነገሩ የአስተናጋጅ ወግ እንዳይመስልህ። የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች በ1996 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠርልኝ) ይህንን የኒው ሜክሲኮ ይፋዊ ጥያቄ አድርገው ደንግገዋል። ወፍና አበባ መምረጥ የየግዛቱ ልማድ ነው፤ ጥያቄ መደንገግ ግን የጠገበ ምክር ቤት ሥራ ነው። ምክር ቤቱ ፎቶ አንሺ ቢኖረው ኖሮ ጥያቄው «ብርሃኑ ከየት በኩል ነው?» ይሆን ነበርና እግዚአብሔር ጠብቋቸዋል።

እቴቴ ቀዩን መረጡ። በማንኪያ ጫፍ ቀምሰው ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ድልህ ነበረ፤ ተቻኩለው አወጡት» አሉ። ኮረሪማ የለው፣ ነጭ አዝሙድ የለው፣ በሶብላ የለው። ወዳጄ ዕውቀቱን ሊያሳይ «እቴቴ፣ በርበሬ እኮ ዘሩ ከአሜሪካ ነው፤ ከኮሎምበስ ወዲህ ነው ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ የደረሰው» ቢላቸው አልተደናገጡም። «እንግዲያው ዘሩን ወሰድን እንጂ ሙያውን አልወሰድንም» አሉት። እኔም ነገሩን ለማብረድ የፋቢያን ጋርሲያን ታሪክ አነሣሁ። ይህ የአትክልት ሊቅ በላስ ክሩሴስ ኮሌጅ፣ ባለፈው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ፣ የአካባቢውን ቃሪያ እያዳቀለ መጠኑ የተስተካከለና የማያንገበግብ ዘር ያወጣ ሰው ነው። ሐሳቡ ቃጠሎ ያልለመደው አሜሪካዊ ሁሉ እንዲበላው ነበር። እቴቴ ይህን ሲሰሙ ብቻ ፊታቸው ፈካ፤ «ለካ አፌ አይደለም የደነዘዘው» ብለው አረንጓዴውን ጨመሩበት።

የኒው ሜክሲኮን ምግብ ለሐበሻ ከባድ የሚያደርገው ቃሪያው አይደለም፤ አሳማው ነው። በቀይ በርበሬ ተዘፍዝፎ የሚበስለው ዝነኛ ሥጋ አሳማ ነው። የአረንጓዴው ቃሪያ ወጥ ብዙ ጊዜ አሳማ አለበት። ዓርብ ዕለት «ባቄላ ነው፤ የጾም ነው» ብለን የደረስንበት ቡራቡሬ ቦሎቄ እንኳ በአሳማ ሞራ የሚሠራበት ቤት ሞልቷል። ስለዚህ በየገባንበት አስተናጋጇ የመንግሥትን ጥያቄ ትጠይቀናለች፤ እኛ የቤተ ክርስቲያንን ጥያቄ እንጠይቃታለን። ከሁሉ የባሰው ብስኩቱ ነበር። ቢስኮቺቶ ይባላል፤ ቀረፋና አኒስ ያለበት፣ በ1989 በሕግ የግዛቲቱ ብስኩት የሆነ። እቴቴ ከቡናቸው ጋር አንዱን አንሥተው አፋቸው ዘንድ ሲያደርሱ ሻጯ በኩራት «ምስጢሩ የአሳማ ሞራው ነው» አለች። እቴቴ ብስኩቱን በክብር ወደ ሳህኑ መለሱትና «ምስጢሯን ብትጠብቅ ኖሮ በልቼላት ነበር» አሉ።

ይህ ሁሉ እንግዲህ የምሳ ወሬ ነው። ጠዋትና ማታማ የብርሃን ነበሩ።

ራንቾስ ደ ታዎስ የሚባል ቦታ አንድ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ደ አሲስ። የዓለም ፎቶ አንሺ ሁሉ እዚያ ይሄድና ጀርባውን ያነሣል። የኋላ ግድግዳው መስኮት የለው፣ በር የለው፤ ወፋፍራም የጭቃ ድጋፎች ብቻ ናቸው፤ ብርሃን በሰያፍ ሲያገኘው ግን ግማሹ ወርቅ፣ ግማሹ ጨለማ ይሆናል። አንሰል አዳምስ አንሥቶታል፣ ፖል ስትራንድ አንሥቶታል፣ ጆርጂያ ኦኪፍ ደጋግማ ሥላዋለች። በዚያን ዕለት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እኛ ስንደርስም ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያዎች ጀርባው ሥር ተሰልፈዋል። እቴቴ ሰልፉን አይተው «ምነው፣ ፊቱ ምን አጠፋ?» አሉና ዞረው በሩን ተሳልመው መጡ።

በዚያ ቤተ ክርስቲያን እቴቴን የያዛቸው ግን ምርጊቱ ነው። በየዓመቱ ምእመናኑ ተሰብስበው፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተው ግድግዳውን በእጃቸው ይመርጉታል። በ1960ዎቹ ይህን ድካም ለመገላገል ብለው በሲሚንቶ ለብጠውት ነበር። ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ውስጡን ጭቃ ሲያበሰብሰው ጊዜ አራግፈው ወደ ጭቃና ጭድ ተመለሱ። ይህን ስተረጉምላቸው እቴቴ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው «ጭዱ ደህና ተብላልቷል» ብለው አጸደቁ። ወዳጄ በዚህ መሐል «እቴቴ፣ ከክፈፉ ይውጡልኝ!» እያለ ይጮሃል። በኋላ ሲያየው ከመቶ ምናምኑ ሥዕል ግድግዳው የስንት ሰው ቁመት እንደሆነ የሚያሳየው እሳቸው የገቡበት ብቻ ነበር።

ታዎስ ፑዌብሎ ስንደርስ ደግሞ ሕጉ ተገለበጠ። ይህ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ መንደር ነው፤ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረበ የጭቃ ቤት፣ ሰው ለሺህ ዓመት ያህል የኖረበት፣ ከ1992 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ። በአሮጌው ቅጥር ውስጥ መብራት አልገባም፣ ቧንቧ አልገባም። ሰውን ሳያስፈቅዱ ማንሣት ክልክል፤ በበዓላቸውና በሥርዓታቸው ጊዜ ካሜራ ጭራሽ ክልክል፤ ጸሎት ቤቱም ውስጥ እንዲሁ። ወዳጄ ሲቆዝም እቴቴ ደስ አላቸው። እሳቸው ከመጀመሪያው ጀምሮ ያወጡት የራሳቸው ክልከላ ነበራቸውና፤ ሰው ሲበላ ፎቶ አይነሣም። «የሚበላ ሰው ይከለላል እንጂ ይነሣል እንዴ? ማን ዓይን ላይ እንደሚወድቅ በምን ታውቃለህ?» ይሉታል። እዚያ መንደር ከጭቃ በተሠራ ክብ የውጭ ምድጃ የተጋገረ ትኩስ ዳቦ ገዝተን በላን። ስለዚያ ዳቦ ማንም ምስጢር አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ወደ ሳንታ ፌ ስንወርድ አመሻሹ ላይ ወዳጄ ድንገት «ቁም!» ብሎ ጮኸ። ከፎቶ አንሺ ጋር የሚነዳ ሰው ይህን ቃል ይለምደዋል፤ ፍሬኑ ግን አይለምደውም። ቦታው ኸርናንዴዝ ነው። አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1941 ከልጁና ከወዳጁ ጋር በዚሁ መንገድ ሲያልፍ፣ ጨረቃ ከተራራው ብቅ ስትልና የመጨረሻዋ ፀሐይ የመቃብሮቹን መስቀሎች ነጭ ስታደርግ አየ። መኪናውን ዳር አስይዞ ዘለለ። ብርሃን መለኪያው ጠፋበት። የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ነበርና ከዚያ ተነሥቶ በጭንቅላቱ ቀመረ። አንድ አነሣ፤ ሁለተኛውን ሊያነሣ ፊልሙን ሲገለብጥ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ሄደ። የሥነ ፈለክ ሰዎች የጨረቃዋን ቦታ ቀምረው ሰዓቱን እንኳ አውቀውታል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ49 ደቂቃ። ዛሬ ቦታው ቤትና ዛፍ ገብቶበት ያ ትዕይንት የለም፤ ወዳጄ ግን የሌለውን ሲያነሣ አመሸ። እቴቴ ከታሪኩ የያዙት አንድ ቁም ነገር ነው፤ «ያ ሰውዬ አንድ አንሥቶ እራቱ ገባ። አንተ ምን ሆነህ ነው መቶ የምታነሣው?» ማሙሽ መልስ አልነበረውም። እኛም እራት አልነበረንም፤ ከተማው ስንደርስ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ነበር።

ኋይት ሳንድስ ስንደርስ ነገሩ ተባባሰ፤ ብርሃን ከላይም ከታችም የሚመጣበት አገር ነውና። 710 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በረዶ የመሰለ ነጭ አሸዋ፣ በበረሃ መሐል። አሸዋው ጀሶ ነው። ጀሶ በውሃ ይሟሟል፤ ወንዝ ቢኖር ጠራርጎ ባሕር ያስገባው ነበር፤ ይህ ሸለቆ ግን ለውሃ መውጫ የለውም፤ እዚያው ይደርቅና ነፋስ ይከምረዋል። እንደ ሌላው አሸዋ ስለማይግል በባዶ እግር ይኬድበታል። በዙሪያው የሚሳኤል መሞከሪያ ሰፈር አለ፤ ሙከራ ሲኖር መንገዱ ይዘጋል። የመጀመሪያዋ አቶሚክ ቦምብ በሐምሌ 1945 የፈነዳችውም ከዚያ በስተ ሰሜን ነው። እቴቴ ይህ ሁሉ አላስደነቃቸውም፤ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና «ጨው አይደለም» አሉ። ጀሶ መሆኑን ስነግራቸው ክምሩን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ቃኙት። ከዚያ በሐዘን «እንጀራችን ውስጥ ይቀላቅላሉ እየተባለ የሚወራው ይኼ ነው? አንድ ክፍለ ከተማ ይመግባል እኮ!» አሉ።

ወዳጄ እዚህ ላይ ሙያውን አሳየ፤ ልመሰክርለት ይገባል። ካሜራ ሞኝ ነው፤ ያየውን ሁሉ ግራጫ ያደርገዋል። ነጭ በነጭ የሆነ ነገር ፊቱ ሲቀርብ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንስና አሸዋውን አመድ ያስመስለዋል። ሌሎቹ ቱሪስቶች አመድ ይዘው ሲመለሱ እሱ መጋለጡን አንድ እርከን ከፍ አድርጎ ንጹሕ ነጭ አወጣ። «ሙሽራ በቬሎ፣ ዘመዶቿ በሐበሻ ልብስ፣ አዳራሹ ነጭ፤ ይኼን ሳነሣ ነው የኖርኩት» አለ። ሠርጉ ላይ ግን ክትፎ ነበር። እዚህ ፀሐይ ከጠለቀች ብዙም ሳይቆይ የፓርኩ በር ይዘጋል፤ እኛ በጠባቂው መብራት እየተነዳን መጨረሻ ወጣን። አላሞጎርዶ አካባቢ ፒስታቺዮ በሰፊው ይተከላል፤ ለዕለቱ እራታችን ያገኘነው እሱን ነው። እየፈለጥን በላን። ፒስታቺዮ በልቶ ለመጥገብ የሚፈጀው ጊዜ ለሌሊት ፎቶ ይበቃል።

ከዚያ አሪዞና ገባን። ቱሳን በ2015 ከአሜሪካ ከተሞች ሁሉ ቀድማ በዩኔስኮ የምግብ ጥበብ ከተማነት የተመረጠች ናት። የከተማዋ መኩሪያ የሶኖራ ሆት ዶግ ነው፤ ቋሊማው በቤከን ተጠቅልሎ፣ ባቄላ፣ ቲማቲምና ማዮኔዝ ተከምሮበት፣ ለስላሳ ዳቦ ውስጥ ይገባል። ይህን ስተረጉም ከቋሊማው እስከ መጠቅለያው አሳማ ሆነና እቴቴ «ልብሱም እሱ፣ ገላውም እሱ» አሉ። ማጽናኛቸውን ያገኙት ገበያ ውስጥ ነው፤ ቀይ በለስ ተከምሮ ይሸጣል። እኛ በክረምት ከመንገድ ዳር ልጆች እየገዛን የምንበላው ያው በለስ፣ እሱም ዘሩ ከዚሁ ክፍለ ዓለም። ፈረንጆቹ እሾኹን ፈርተው ከሩቅ ይመለከቱታል። እቴቴ ከሻጩ ቢላ ተቀብለው ግራና ቀኙን ቆረጡ፣ ወገቡን ተረተሩ፣ ልጣጩን ገልበጥ አደረጉ፤ እጃቸው አልነካውም። ትንሽ ሰልፍ ተሠራላቸው፤ ሻጩም ሊቀጥራቸው ትንሽ ቀረው።

ቁልቋሎቹ ግን ይገርማሉ። ሳዋሮ የሚባለው ግዙፉ፣ እጁን ዘርግቶ የሚቆመው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እድገቱ ዓይን አይይዘውም፤ አሥር ዓመት ሞልቶት እንኳ ከጣት አያልፍም። ክንድ ለማውጣት ብዙ ጊዜ ከ50 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ዕድሜው እስከ 150ና ከዚያም በላይ ይሄዳል። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ቶሆኖ ኦኦዳም ፍሬውን በበጋው መጀመሪያ፣ ከራሱ ከደረቀው ሳዋሮ አጥንት በተሠራ ረጅም ዘንግ ያወርዱታል። ወዳጄ አንዱን ሳዋሮ በጀርባ ብርሃን ለማንሣት ጸሐይ እስክትደርስለት ቆሞ ጠበቀ። እቴቴ ሁለቱን እያፈራረቁ አዩና «አንደኛው መቶ ዓመት ቆሟል፤ ማሙሽም ሊደርስበት ነው» አሉ።

ከዚያ ወደ ሰሜን ወጣን። ግራንድ ካንየን 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቀቱ ከ1.6 ኪሎ ሜትር ያልፋል። «ሆድ ከሀገር ይሰፋል» የሚለው የእኛ ተረት እውነት መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ጠርዝ ላይ፣ ቁርስ ሳልበላ ቆሜ ነው። እቴቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። እኛም ተደነቁ ብለን ስንጠብቅ «ዓባይ በረሃን ስንቴ ወርጄ ወጥቻለሁ። ደጀን ላይ ምሳ ሳይበላ ግን ማንም አይወርድም» አሉ። እውነታቸውን ነው። የእኛ አውቶቡስ ገደሉን የሚያየው ጠግቦ ነው።

የገደሉ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ አንድ የቆየ ቤት አለ፤ የኮልብ ወንድማማቾች ፎቶ ቤት። ኤልስወርዝና ኤመሪ ኮልብ ባለፈው ምዕተ ዓመት መባቻ ላይ እዚያ ሰፍረው፣ በበቅሎ ወደ ገደሉ የሚወርዱትን ጎብኚዎች መነሻው ላይ ያነሡ ነበር። ችግሩ፣ ጠርዙ ላይ ፊልም ማጠቢያ ውሃ አልነበረም። ውሃው የነበረው በብራይት ኤንጅል መንገድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ወርዶ ነው። ስለዚህ ኤመሪ የተነሣውን ይዞ እየሮጠ ይወርዳል፣ ምንጩ ዘንድ ያጥባል፣ ያትማል፤ ከዚያ ያንን ዳገት እየሮጠ ይወጣና ጎብኚዎቹ ከበቅሎ ሲወርዱ ሥዕላቸውን ይሸጥላቸዋል። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ «ሙያ ማለት ይህ ነው!» አለ። እቴቴ «ምሳውን የት ይበላ ነበር?» አሉ። ታሪኩ ስለ ምሳው አልመዘገበም። ኤመሪ ግን እስከ 1976 ኖሯል፤ እንግዲህ የሆነ ቦታ ይበላ ነበር።

አሁን ወደ አንቴሎፕ ካንየን መርዶ ደረስን። ፔጅ ከተማ አጠገብ፣ በናቫሆዎች ምድር፣ ጎርፍ በቀይ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ የፈለፈለው ጠባብ ስንጥቅ ነው። ያለ ናቫሆ መሪ አይገባም። ከላይ ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ስለሆነ የፀሐይ ዘንግ ቀጥ ብሎ ወለሉ ድረስ የሚወርደው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው፤ ማለትም ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ። የቀረችን ብቸኛ ማዕድ በዚህ ሄደች! ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ እቴቴ እስከ 9 ሰዓት ስለሚጾሙ ከሁላችን የተረጋጉት እሳቸው ናቸው። እኔ ቡራኬ እንደሚጠብቅ ሰው ግድግዳው ተደግፌ ቆምኩ። መሪያችን በአካፋ አሸዋ ዘግኖ ወደ ላይ ሲበትነው ብርሃኑ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ ብርሃን በጠራ አየር ከጎን አይታይም፣ የሚያርፍበት ብናኝ ይፈልጋል። አሸዋው ሲወርድ አንገታችን ውስጥ ገባ። ከዚያ በመለስ ወደ አፋችን የገባ ነገር የለም።

እራቱንስ? እራቱን ሰዓት በላው። አሪዞና እንደ አብዛኛው አሜሪካ ሰዓቷን በበጋ ወደፊት አታስኬድም። በውስጧ ያለው የናቫሆ ምድር ግን ያስኬዳል። በናቫሆ ምድር ውስጥ ያለው የሆፒዎች ምድር ደግሞ አያስኬድም። ስልካችን መንገድ ላይ አንድ ሰዓት እየዘለለ፣ አንድ ሰዓት እየተመለሰ ሲዋልል እቴቴ ሰዓታቸውን ከአዲስ አበባ ስላልነኩት «አሁን እኔ ዘንድ ሌሊት ነው» ብለው ጨረሱ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሲያነሣ ከቆየው ወዳጄ ጋር ከፔጅ ወጥተን ሞኑመንት ቫሊ ስንደርስ በፔጅ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነበር። ምግብ ቤቱ የሚዘጋው 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ደስ አለን። በናቫሆ ሰዓት ግን 3 ሰዓት ተኩል ሆኗል። የእቴቴ ቆሎ ያን ማታ አለቀ።

በማግስቱ እቴቴ ሥልጣኑን ያዙ። «ዛሬ እራት የሚገዛው በቀን ነው» አሉ፤ ማንም አልተቃወመም። መንገድ ዳር አንዲት ናቫሆ እናት የተጠበሰ በግ ትሸጣለች። በግ! ናቫሆዎች በግ አርቢ ሕዝብ ናቸው። ያ ሁሉ አሳማ አልፎ እዚህ መድረሳችን የእቴቴን ዓይን አበራው። በጉን የሚጠቀልሉበት የተጠበሰ ቂጣ ታሪኩ መራራ ነው። በ1864 የአሜሪካ ጦር ናቫሆዎችን ከአገራቸው ነቅሎ በእግር ወደ ቦስኬ ሬዶንዶ ሲነዳቸው፣ እዚያ የተሰፈረላቸው ዱቄት፣ ስኳር፣ ጨውና ሞራ ነበር። ከዚያ ራሽን ይህን ቂጣ አወጡ። በ1868 በስምምነት ወደ ምድራቸው ሲመለሱ ቂጣውም አብሮ ተመለሰ። እቴቴ ይህን ሰምተው «ችግር ያስተማረው እጅ ነው» አሉና ከሻጯ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። የሚጠበስበት ዘይት የአትክልት መሆኑን እሷው ነገረችን።

አመሻሹ ላይ ሸለቆው ፊት ለፊት ተቀመጥን። ጆን ፎርድ በ1939 «ስቴጅኮች» በተባለው ፊልሙ ለዓለም ያሳያቸው እነዚያ ቀያይ የድንጋይ ማማዎች ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ ይበልጥ ቀሉ። እቴቴ በጉን ፈቱት፤ ሽታው ወጣ። ወዳጄ ካሜራውን በባለ ሦስት እግሩ ላይ አቆመ፣ በጉን አየ፣ ማማዎቹን አየ። እጁ ሞራ ከነካ ሌንሱን መንካት አይችልም። ጥቂት ተሠቃየና ካሜራው ላይ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ካሜራው በየጥቂት ሰከንዱ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ራሱን በራሱ ማንሣት ጀመረ። ወዳጄ እጁን ታጥቦ መጥቶ ተቀመጠ።

እቴቴ ጉርሻቸውን አየር ላይ አቁመው ካሜራውን አዳመጡ። «ይኼ ነገር ብቻውን ያነሣል?»

«አዎ፣ እቴቴ።»

«ከዛሬ በፊትም ያነሣ ነበር?»

«ያነሣ ነበር።»

«ታዲያ ምን አቁሞህ ነው ስታስርበን የከረምከው?»

ወዳጄ አንገቱን ደፍቶ፣ ሠርግ ላይ የማትሰማ ዓይነት ድምፅ አውጥቶ «ለፎቶው እኮ አይደለም፤ ብርሃኑን ማየት እፈልጋለሁ» አለ።

እቴቴ ጉርሻውን አፉ ውስጥ ከተቱለት። «ማየትማ እያኘኩም ይታያል!»